ከሃርት አታክ በኋላ ኮሌስትሮልን በቡድን መከታተል፦ የካይዘር ኮሎራዶ አሰራር

ካይዘር ፐርማነንቴ ኮሎራዶ አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንሱንም ሕክምናውንም አንድ ላይ የያዘ ድርጅት ነው፣ ዴንቨርና አውሮራ ያለ ሀበሻ ስሙን ያውቀዋል። የልብ ታማሚዎችን የሚከታተለው ቡድን በ1996 ነው የተጀመረው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ በ1994 የወጣው የስካንዲኔቪያ ጥናት 4,444 ሰው ይዞ ሲምቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች አንዱ) ሞትን በ30 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። የጠፋው ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ መድኃኒቱን ዋጠ አልዋጠም፣ ኮሌስትሮሉ ወረደ አልወረደም ብሎ የሚከታተል ሰው ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ስሙ ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል፣ መጀመሪያ ነርሷ እየደወለች ስለ ምግቡ ስለ ሲጋራው ስለ እንቅስቃሴው ታወራዋለች፣ ጥቂት ወር ቆይቶ ሲረጋጋ ወደ ፋርማሲስት ይተላለፋል፣ ዋናው ስራ ደሞ እዚህ ጋ ነው። ፋርማሲስቱ ሐኪሞች ባጸደቁት ፕሮቶኮል መሰረት ራሱ የላብራቶሪ ምርመራ ያዛል፣ ዶዝ ይጨምራል፣ "ጡንቻዬን አመመኝ" ላለው ስታቲኑን ይቀይርለታል፣ አብዛኛው በስልክ ነው የሚያልቀው። ምርመራውን ሳያሰራ የቀረ ሰው ካለ መዝገቡ ራሱ ያሳብቅበታል። እኛ ፋርማሲስቶች ክኒን ቆጣሪ ብቻ እንዳልሆንን ማሳያ ስፈልግ መጀመሪያ የምጠራው ይሄንን ነው።

ቡድኑ ራሱ ባወጣው ሪፖርት ኤልዲኤላቸው (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ በሚሊግራም በዴሲሊትር) ከ100 በታች የሆነ ታማሚዎች ከ22 በመቶ ወደ 77 በመቶ ገደማ ወጥተዋል። ሞት በ76 በመቶ ቀንሷልም ይላሉ፣ እሱ ላይ ግን ትንሽ ረጋ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ታማሚዎቹ በዕጣ ስላልተመደቡ ክትትሉን የገቡት ድሮም ጠንከር ያሉት ሊሆኑ ይችላሉ። የኤልዲኤሉ ቁጥር ግን አያከራክርም።

ከዛ ወዲህ የኤልዲኤሉ ግብ ወርዷል። የአሜሪካ መመሪያ በ2018 ስታቲን ተወስዶም 70ና ከዛ በላይ ከሆነ ኢዜቲሚብ የሚባል ሌላ የኮሌስትሮል ክኒን መጨመር ይታሰብ አለ፣ አውሮፓውያን በ2019 ከ55 በታች አደረጉት። በመርፌ የሚሰጡትም መጥተዋል፣ ዋጋቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

ለኛ ሰው ሁለት ነገር፦ አቶርቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት ስለሚወሰድ የሚጾም ሰው ማታ ሊያደርገው ይችላል፣ ደዋዩ እንግሊዝኛ ብቻ ካወራ ደሞ የአማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ ማለት ይቻላል፣ አያስከፍልም።