የወሲብ ሕይወት ጥናት በደሴና በኮምቦልቻ

የወሲብ ሶሲዮሎጂ ሰውነት እንዴት ይሠራል ብሎ አይጠይቅም። ያ የሐኪም ድርሻ ነው። የሶሲዮሎጂ ባለሙያ የሚጠይቀው ማን ከማን ጋር፣ በስንት ዓመቱ፣ በማን ፈቃድ ተጣመረ ብሎ ነው። አሜሪካውያኑ ጆን ጋኞንና ዊልያም ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ነገሩን ከተዋናይ ድርሰት ጋር አመሳስለውታል። ሰው መቼ ምን እንደሚል፣ መቼ ዝም እንደሚል የሚማረው ከማኅበረሰቡ ነው ይላሉ።

ወሎ ላይ ይህ ድርሰት ጎልቶ የሚነበበው በጋብቻ ነው። ደሴ ውስጥ የአንድ አያት ልጆች አንዷ በኒካህ፣ ሌላዋ በተክሊል ስትዳር ማየት ብርቅ አይደለም። ይህ የወሎ ጌጥ ነው። አሁን አሁን እየቀነሰ ነው የሚሉ አሉ። ተክሊል የሚፈጸመው ለደናግል ነው። ስለዚህ የሠርጉ ዓይነት ራሱ ስለ ሙሽሮቹ ያለፈ ሕይወት ለሰፈሩ ይናገራል። ባሏን የፈታች ሙስሊም ደግሞ ዒዳዋን፣ ማለትም ከፍቺ በኋላ የምትጠብቀውን ጊዜ፣ ሳትጨርስ አታገባም።

ስለ ጥንቱ የተጻፈው ጥቂት ነው። ወረቀቱ የበዛው ኤች አይ ቪ ከመጣ በኋላ ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ የመንገድ መገናኛ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈውና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው እዚህ ይለያያሉ። ሹፌርና ረዳት ያድራሉ፣ አልጋ ቤት ይከፈታል፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ቡና ቤት ትቀጠራለች። ለዓመታት ጥናቱ እነዚህን ሰዎች «ተጋላጭ» እያለ ቆጠራቸው። ፍቅራቸውን፣ ለእናታቸው የሚልኩትን ብር የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

በአገር ደረጃ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ተካሂዷል። በ2008ቱ ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ከ17.1 ዓመታቸው በፊት ተድረዋል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ግን የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎ ነበር።

ወሎ ዩኒቨርሲቲያችን በሚሌኒየሙ አካባቢ ሥራ ሲጀምር ጥያቄው ወደ አገሬው ልጆች እጅ ገባ። ቋንቋውን የሚያውቅ ይለያል። መጠይቅ የያዘች ተማሪ ቤት ስትገባ ቡና ይፈላል፤ አማት ጀበናው አጠገብ ናቸው። «ወሲብ» ካለች ወሬው ያልቃል። «ግንኙነት» ካለች ምራቲቱ አንገቷን ደፍታም ቢሆን ትመልሳለች፣ ያውም አማት ከወጡ።

በሐምሌ 2009 የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የ2014ቱ ጦርነት ብዙ አበላሸ፤ በሴቶች ላይ የደረሰው ጥቃትም ገና በቅጡ አልተጻፈም። ፓርኩ ግን ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶችን ሰብስቧል። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ጀበናውን የሚጥዱት ራሳቸው ናቸው፤ አማትም አባትም አጠገባቸው የለም። ታዲያ ጎረምሳው ሽማግሌ የሚልከው ወደ ማን ደጅ ነው?