የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ የእንግሊዝና የዌልስ ፖለቲከኞች ስለ ወንጀል የሚገቡት ቃል

እዚያ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ወንጀል ላይ እጁን እንደሚያጠብቅ የማይምል ፓርቲ የለም። ቃሉ ግን የሚመዘነው በጀቱ ጎን ሲቀመጥ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«20,000 ፖሊስ ተጨመረ»

ከየትኛው ዓመት ጋር ተወዳድሮ? በ2010 ወደ 143,700 ፖሊሶች ነበሩ። በጀቱ ሲቀነስ በ2018 ወደ 122,400 ወረዱ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በ2019 ቃል የገቡት በዋናነት የጎደለውን መሙላት ነበር፤ በመጋቢት 2023 ቁጥሩ 147,400 ገደማ ደረሰ። በመካከሉ ሕዝቡ በሚሊዮኖች ጨምሯል፤ ልምድ ያላቸው ለቀው በምትካቸው የገቡት ደግሞ ገና ጀማሪዎች ነበሩ።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበው ምን እንደተቆጠረ ነው። ግቡ መለዮ ለባሽን ብቻ ይቆጥር ስለነበር፣ ከኮታው በታች የወረደ የፖሊስ ተቋም ለዚሁ ከተያዘለት ገንዘብ ይቀነስበት ነበር። የፎረንሲክ ባለሙያው፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ ተቀባዩና የመዝገብ ሠራተኛው ግን ከቆጠራው ውጪ ነበሩ። አንዱ ሲለቅ ቦታው ክፍት ይቀር ነበር፤ ካልሆነም ደመወዙ የሚበልጥ ፖሊስ ከጥበቃ ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። በቅነሳው ዘመንም በትሩ ያረፈው በሲቪሉ ላይ ነበር፤ ፖሊስ በሕግ የዘውዱ አገልጋይ እንጂ ተራ ተቀጣሪ ስላልሆነ በሠራተኛ ቅነሳ አይሰናበትም።

«ተጨማሪውን ገንዘብ የሰጠው መንግሥት ነው»

የፖሊስ በጀት ምንጩ ሁለት ነው፦ የማዕከላዊ መንግሥት ድጎማና ነዋሪው ለአካባቢው የሚከፍለው የቤት ግብር። «በጀቱ ይህን ያህል አደገ» የሚለው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ አካባቢዎች ግብሩን እስከተፈቀደው ጣሪያ ድረስ እንደሚጨምሩ ታሳቢ አድርጎ የተሰላ ነው። ድጎማው ሲቆረጥም ጉዳቱ እኩል አይደለም። ለንደን አጠገብ ያለው የሰሪ (Surrey) አውራጃ ፖሊስ ከገቢው ግማሽ በላይ የሚያገኘው ከግብሩ ስለሆነ ብዙም አይናወጥም፤ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለው የኖርዘምብሪያ ፖሊስ ግን ኑሮው በድጎማው ላይ ነውና ያው መቶኛ ቅነሳ ክፉኛ ይመታዋል።

«ፍርድ ቤቱን ያጨናነቀው ኮቪድ ነው»

አባባሰው እንጂ አልጀመረውም። ከባድ ወንጀል የሚታይበት የክራውን ፍርድ ቤት ውዝፍ ወረርሽኙ ሳይገባ፣ ከ2019 ጀምሮ እያደገ ነበር። ዳኛው አለ፣ ችሎቱም አለ፤ በጀት የተፈቀደላቸው የችሎት ቀናት ግን በመቀነሳቸው ክፍሎች ተቆልፈው ይውሉ ነበር። ከ2010 ወዲህ ቀላል ጉዳዮችን ከሚያዩት የማጅስትሬት ፍርድ ቤቶች ግማሽ ያህሉ ተዘግተዋል። በ2022 ደግሞ በመንግሥት ክፍያ የሚሟገቱ ጠበቆች በክፍያቸው ማነስ አድማ መቱ። በ2024 መጨረሻ ውዝፉ ከ70,000 መዝገብ በላይ ሆኗል። ቀጠሮው ዓመት ሲሻገር ተበዳዩ ይሰለቻል፣ ምስክሩም ይጠፋል፤ አዲሱ ፖሊስ የያዘው ተጠርጣሪ በዚህ መንገድ ነጻ ሊወጣ ይችላል።

«ቅጣት ማክበድ ወጪ የለውም»

ሕጉን ለማጽደቅ የድምፅ ብልጫ ይበቃል፤ እስረኛው የሚያርፍበት ክፍል ግን ግንባታ ይጠይቃል። እስከ 2020ዎቹ አጋማሽ 20,000 የእስር ቦታ እንደሚጨመር ቃል ተገብቶ ነበር፤ እስከ 2024 የተገኘው ከ7,000 በታች ነው። እስር ቤቶቹ ጢም ብለው ስለሞሉ በመስከረም 2024 የብዙ እስረኞች የመፈቻ ጊዜ ከቅጣታቸው 50 በመቶ ወደ 40 በመቶ ዝቅ ተደረገ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 1,700 የሚሆኑ ወጡ። የወጡትን የሚከታተለው አገልግሎትም በ2014 አብዛኛው ሥራው ለግል ድርጅቶች ተሰጥቶ፣ ውጤቱ ስላላማረ በ2021 ወደ መንግሥት እጅ የተመለሰና በሠራተኛ እጥረት የሚንገዳገድ ነበር።