የፎቶው ጥራት የት ገባ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጥሩ ካሜራ የተነሳ ፎቶ ተቀባዩ ዘንድ ደብዝዞ ሲደርስ ጣት የሚቀሰረው በስልኩ ወይም በኔትወርኩ ላይ ነው። መነሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ማየት ነው፦ ፎቶው የያዘው የፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች) ብዛት፣ ፋይሉ በሜጋባይት የሚይዘው ቦታ፣ እና ወረቀት ላይ ሲታተም የሚኖረው ስፋት። አንዱ ሲለወጥ ሌላው የግድ አይለወጥም።

«ለኢንተርኔት 72፣ ለሕትመት 300 ዲፒአይ መሆን አለበት»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው። ዲፒአይ በአንድ ኢንች ወረቀት ላይ ስንት ነጥብ ይስፈር የሚል ቁጥር ሲሆን፣ በፋይሉ ውስጥ እንደ ማስታወሻ ተጽፎ ይቀመጣል። ቁጥሩን ብቻ ከ300 ወደ 72 መለወጥ ከፎቶው ላይ አንዲት ፒክስል አይቀንስም። ስክሪን ላይ የሚወስነው የፒክስሉ ብዛት ነው፤ ስፋቱ 3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ 72 ተብሎ ቢጻፍበትም 300 ቢባልም በብራውዘር ሲከፈት አንድና ያው ነው።

72 የተወረሰው እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣው የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ነው። የዚያ ኮምፒውተር ስክሪን በአንድ ኢንች 72 ፒክስል ነበረው። ዛሬ ብዙ ስልኮች በአንድ ኢንች ከ400 በላይ ፒክስል ይይዛሉ፤ ቁጥሩ ግን ዘመኑ ካለፈ በኋላም እንደ ሕግ ሲነገር ይኖራል። 300 በበኩሉ ቦታው ማተሚያ ቤት ነው። 3000 ፒክስል ለ300 ሲካፈል 10 ኢንች፣ ማለትም 25 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ስፋቱ 600 ፒክስል ብቻ የሆነ ፎቶ ግን በዚያው ጥራት ከ5 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም፤ ፋይሉ ላይ 300 ተብሎ መጻፉ አያድነውም። ስለዚህ «300 ዲፒአይ አድርገህ ላክልኝ» ለሚል አዘጋጅ ትክክለኛው መልስ «በስንት ሴንቲሜትር ስፋት ይታተማል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

«ሜጋባይቱ የበዛ ፎቶ ጥራቱም የበዛ ነው»

ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል፣ ማለትም 12 ሜጋፒክስል አለው። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ቢይዝ ፋይሉ 36 ሜጋባይት ይሆን ነበር። ጄፔግ የተባለው የፋይል ዓይነት ይህን አምቆ ወደ ጥቂት ሜጋባይት ያወርደዋል። ምን ያህል እንደሚያወርደው ደግሞ በፎቶው ይዘት ላይ ይመሠረታል። ደመና የሌለበት ሰማይ በቀላሉ ይታመቃል፤ ቅጠልና ሣር የሞላበት ፎቶ ግን ያን ያህል አይታመቅም። ሁለቱም በአንድ ካሜራ ተነሥተው፣ የፒክስላቸው ብዛት እኩል ሆኖ፣ የፋይላቸው ክብደት በጣም ሊራራቅ ይችላል።

«በግማሽ ካሳነስኩት ክብደቱም በግማሽ ይቀንሳል»

ወርዱም ቁመቱም በግማሽ ሲቀንስ የፒክስሉ ብዛት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 12 ሚሊዮኑ 3 ሚሊዮን ይሆናል። ይህ ሊያስደነግጥ አይገባም። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ስክሪን (1920 በ1080) ራሱ ያለው 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ነው።

«ትንሹን ፎቶ በሶፍትዌር ማጉላት የጠፋውን ዝርዝር ይመልሳል»

አይመልስም። የተለመደው ማጉያ በነባሮቹ ፒክስሎች መካከል አማካይ ቀለም እየሞላ ያሰፋዋል፤ ውጤቱ ትልቅ ግን የደበዘዘ ምስል ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዳዲሶቹ ደግሞ የጎደለውን በግምት ይሥላሉ። ለጌጥ ከሆነ ችግር የለውም። የሟች እናት ፎቶ ወይም የመኪና ሰሌዳ ቁጥር ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፦ ጥርት ብሎ የሚታየው ዓይን የእርሷ ዓይን ላይሆን ይችላል፣ የሰሌዳው አኃዝም ፈጠራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ምስል ለማስረጃ ማቅረብ ሰውን ሊጎዳ ይችላል።

«ጄፔግ በተከፈተና በተገለበጠ ቁጥር ይበላሻል»

መክፈትም ሆነ ወደ ሌላ ፎልደር መገልበጥ ከፋይሉ አንድ ባይት አይነካም። የሚጎዳው አስተካክሎ መልሶ ጄፔግ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ያኔ እንደገና ይታመቃል። ጉዳቱን ለማየት ብዙ ጊዜ የታመቀ ፎቶ ላይ የጣሪያ ጠርዝ ከሰማይ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አጉሉ። በጠርዙ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ነጠብጣብ፣ አልፎ አልፎም የትንንሽ ካሬዎች ድንበር ይታያል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ስለሚያምቅ ነው። ፊደላት ላይ ይህ ጉዳት ጎልቶ ስለሚወጣ ጽሑፍ ያለበትን ስክሪንሾትና አርማ ፒኤንጂ በተባለው የፋይል ዓይነት ማስቀመጥ ይሻላል፤ ፒኤንጂ አምቆም አንዲት ፒክስል አይለውጥም። ለተራ ፎቶ ግን ፋይሉን ያለ ጥቅም ያከብደዋል።

«ልኬዋለሁ፣ ስለዚህ ዋናውን ብሰርዘው ግድ የለም»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው፤ የሠርግና የልጅነት ፎቶዎች የሚጠፉት በዚህ መንገድ ነውና። ዋትስአፕም ሆነ ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ አሳንሰውና አምቀው ነው የሚያስተላልፉት። ተቀባዩ ዘንድ የቆየው ለስልክ ስክሪን የሚበቃ ቅጂ ነው፤ በትልቁ ልታተም ያሉ ዕለት ጉድለቱ ይወጣል። ፎቶውን ስክሪንሾት አንሥቶ መላክ ደግሞ ይብሳል፤ የሚቀረው ስክሪኑ ላይ የታየው ፒክስል ብቻ ነው።

መፍትሔው በሁለቱም መተግበሪያዎች ላይ አለ፦ ፎቶውን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ወይም እንደ ዶክመንት አያይዞ መላክ። ያኔ ፒክስሉም ሜጋባይቱም ሳይነካ ይደርሳል። አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር ግን አለ። ካሜራው ሲያነሣ የቦታ መረጃ እንዲመዘግብ ተፈቅዶለት ከሆነ፣ ፎቶው የተነሳበት ቦታ በፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይላካል። የቤታችሁን ወይም የልጃችሁን ትምህርት ቤት አድራሻ ለማታውቁት ሰው እንዳትሰጡ፣ ከመላካችሁ በፊት የፎቶውን ዝርዝር መረጃ ከፍታችሁ የቦታውን መረጃ አጥፉት።