ደጋግመን የምናያቸው ፊልሞች

አንዳንድ ፊልም አንዴ ታይቶ ያልቃል። አሪፍ ነበር እንላለን፣ ለጓደኛ እንጠቁማለን፣ በዚያው እንረሳዋለን። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ቻናል ስንቀይር መሃሉ ላይ ብንደርስ እንኳ ሪሞቱን አስቀምጠን እስከ መጨረሻው የምናየው። ማን እንደሚሞት እናውቃለን። ማን ማንን እንደሚያገባ እናውቃለን። ንግግሩን ከተዋናዩ ቀድመን እንላለን። ግን እናያለን። ይህ ጽሑፍ ስለነዚህኞቹ ነው፤ ከየት እንደመጡ፣ ለምን እንደማይሰለቹ፣ ከመካከላቸው በጣም የታወቁት የትኞቹ እንደሆኑ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ ነገር ይለይ። ተደጋግሞ የሚታይ ፊልም እና ምርጥ ፊልም አንድ አይደሉም። በ1993 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ሺንድለርስ ሊስት» ከታላላቆቹ ፊልሞች አንዱ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ፈታ ለማለት የሚከፍተው ግን ብዙ ሰው አይደለም። በ1988 የተሠራው የጃፓን አኒሜሽን «ግሬቭ ኦቭ ዘ ፋየርፍላይስም» እንደዚያው ነው። በጦርነት መሃል ብቻቸውን ስለቀሩ ወንድምና እህት ይተርካል፤ ያየው ሰው ያመሰግነዋል፣ ሁለተኛ ለማየት ግን አቅም ያጣል። በተቃራኒው፣ ሃያሲያን ሲወጣ ያጣጣሉት፣ ሽልማት ያልነካው ፊልም በየቤቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይታያል። ሁለቱ የሚለኩበት ሚዛን የተለያየ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ሁለተኛው ሚዛን የሚገባውን ክብር አላገኘም።

ድሮ ነገሩ በተመልካቹ እጅ አልነበረም። አንድ ፊልም ከሲኒማ ቤት ከወረደ ወረደ። ዳግም ማየት የሚቻለው ባለቤቱ መልሶ ሲያወጣው ብቻ ነው። ይህን በደንብ የተጠቀመበት ዲዝኒ ነበር። የ1937ቱን «ስኖው ዋይት» በ1944 መልሶ አወጣው፤ ከዚያ በኋላም በየጥቂት ዓመቱ፣ አዲስ የልጆች ትውልድ በደረሰ ቁጥር፣ ደጋግሞ ወደ ሲኒማ መለሰው። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። የ1939ኙ «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» በ1956 በአሜሪካው ሲቢኤስ ታየ፤ ከ1959 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ መተላለፉ ልማድ ሆነ። ዓመት ጠብቆ ማየት ነው። ካመለጠህ እስከ መጪው ዓመት ቻለው!

ቁልፉን ለተመልካቹ የሰጠው የቪዲዮ ካሴት ነው። ሶኒ ቤታማክስን በ1975 አወጣ፤ ጄቪሲ በ1976 በቪኤችኤስ ተከተለው፣ በኋላም ገበያውን የጠቀለለው ቪኤችኤስ ሆነ። የፊልም ኩባንያዎቹ ተቆጡ። ከቴሌቪዥን ላይ መቅዳት ስርቆት ነው ብለው ሶኒን ከሰሱ፤ ክርክሩ ተጎትቶ ተጎትቶ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1984ም ሰው ቤቱ ቆይቶ ለማየት ብሎ መቅዳቱ ሕጋዊ ነው ተብሎ ተወሰነ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የጠቀመው ግን ከሳሾቹን ነው፤ ካሴት መሸጥና ማከራየት ትልቅ የገቢ ምንጭ ሆነላቸው። ለእኛ ደግሞ ወደ ኋላ ማጠንጠን የሚባለውን ነገር አመጣልን።

ያለ ካሴት የሚደግም ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። በ1977 «ስታር ዋርስ» ሲወጣ ወጣቶች ከአንዱ ማሳያ ወጥተው ለቀጣዩ ይሰለፉ ነበር። «ታይታኒክም» በ1997 መጨረሻ ወጥቶ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች 15 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ የቆየው አዲስ ተመልካች ስለበዛለት ብቻ አይደለም። ያው ሰው ተመልሶ ይገባ ነበር። መርከቧ እንደምትሰጥም እኮ መጀመሪያውኑም ሁሉም ያውቃል።

ስለ ተወዳጅ ፊልሞች ታሪክ ሳነብ ሁሌም የሚገርመኝ የዕድል ነገር ነው። ዛሬ የምንወዳቸው ብዙዎቹ ሲወጡ የከሰሩ ናቸው። የፍራንክ ካፕራን «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» እንውሰድ። በ1946 ወጣ፣ ወጪውን እንኳ በቅጡ አልመለሰም፣ ተረሳ። ከዚያ በ1974 የቅጂ መብቱ ሳይታደስ ቀረ። በቃ፣ ቀነ ገደቡ አለፈ! ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሳይከፍሉ ሊያሳዩት እንደሚችሉ ሲያውቁ በየገና ሰሞኑ ተሻሙበት። ሰው አየው፣ በዓመቱም አየው፣ ልጆቹም አዩት። በ1993 መብቱ ዳግም ባለቤት አግኝቶ ጣቢያዎቹ እንደልብ ማሳየት ሲከለከሉ ፊልሙ የገና በዓል አንድ አካል ሆኖ አርፎታል። የወረቀት ሥራ ባይረሳ ኖሮ ዛሬ የሚያውቀው ሰው ጥቂት በሆነ ነበር።

«ዘ ሻውሻንክ ሪደምፕሽንም» ተመሳሳይ ነው። ፍራንክ ዳራቦንት ከስቲቨን ኪንግ ድርሰት ተነስቶ በ1994 የሠራው፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት መጀመሪያ ሲወጣ 16 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ያስገባ ፊልም ነው። ለሰባት ኦስካር ታጨ፣ አንድም አላገኘም። ሕይወት የዘራው በቪዲዮ ኪራይ ነው፤ ከዚያ ከ1997 ጀምሮ ቲኤንቲ የተባለው የኬብል ጣቢያ አሁንም አሁንም ያሳየው ጀመር። ዛሬ ተመልካቾች ድምፅ በሚሰጡበት፣ አይኤምዲቢ በተባለው የፊልም ድረ ገጽ ዝርዝር ላይ ለዓመታት አንደኛ ሆኖ ተቀምጧል። እስር ቤት ውስጥ ስላለ ትዕግስት የሚያወራ ፊልም ራሱ በትዕግስት ደረሰ።

በብዙ አገር ደግሞ ፊልም የበዓል ፕሮግራም ሆኗል። ሩሲያውያን የአዲስ ዓመት ዋዜማን ያለ ኤልዳር ሪያዛኖቭ «የዕጣ ፈንታ ቀልድ» አያሳልፉም፤ ፊልሙ ጃንዋሪ 1 ቀን 1976 በሶቪየት ቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ እንዲሁ ነው። በፖላንድ የገና ፊልም «ሆም አሎን» ነው። ፖልሳት የተባለው ጣቢያ በ2010 ሊተወው ነው ሲባል ተመልካቹ በፌስቡክ ተነስቶበት መልሶ እንዲያሳየው አድርጓል።

ጃፓኖች ግን ከሁሉም ይለያሉ። የሃያኦ ሚያዛኪ አኒሜሽን «ካስል ኢን ዘ ስካይ» በ1986 የወጣ ነው። መጨረሻው አካባቢ ሁለቱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው የጥፋቱን ቃል «ባልስ» ይላሉ፣ በሰማይ ላይ የሚንሳፈፈው ግንብም ይፈርሳል። ፊልሙ በቴሌቪዥን በተላለፈ ቁጥር ተመልካቹ ያቺን ቅጽበት ጠብቆ ቃሏን አብሮ በትዊተር (በአሁኑ ኤክስ) ይጽፋል። በኦገስት 2013 ይህ ሲሆን በአንድ ሰከንድ 143,199 ትዊት ተመዘገበ፤ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ሀያ ሰባት ዓመት ያስቆጠረ፣ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው ፊልም ነው እንግዲህ።

ሲኒማ ቤትም ቢሆን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሙምባይ ማራታ ማንዲር የሚባል ሲኒማ አለ፤ ሻሩክ ካን እና ካጆል የተወኑበትን «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» በኦክቶበር 1995 ማሳየት ጀምሮ በ2014 መጨረሻ ሺህኛ ሳምንቱን ደፈነ፣ ከዚያም ቀጠለ። እዚያ የሚገባው ሰው ፊልሙን ለማወቅ አይደለም የሚገባው፤ ከዘፈኑ ጋር ሊዘፍን፣ ጀግናው ሲገባ ሊያፏጭ ነው። በ1975 ወጥቶ የከሰረው «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» ደግሞ በ1976 ኒውዮርክ ውስጥ በእኩለ ሌሊት መታየት ሲጀምር ተመልካቹ ለገጸ ባሕርያቱ መልስ መስጠት፣ እንደነሱ ለብሶ መምጣት፣ በሠርጉ ትዕይንት ላይ ሩዝ መበተን ጀመረ። የለንደኑ ፕሪንስ ቻርልስ ሲኒማም ከ1999 ወዲህ «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክን» የዘፈኑን ግጥም ስክሪን ላይ እየጻፈ አዳራሹን ሙሉ ያዘፍናል።

ለምን ግን አይሰለችም?

ሙዚቃ ላይ ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም። አንድን ዘፈን መቶ ጊዜ የሰማን ሰው «መጨረሻውን እያወቅከው?» የሚለው የለም። ፊልም ላይ ሲሆን ግን ታሪኩ ብቻ ዋጋ ያለው ይመስለናል፤ ታሪኩን ካወቅን ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለናል። አላለቀም። ታሪኩ የሚያልቀው ለአንዱ የአእምሯችን ሥራ ብቻ ነው፤ «ቀጥሎ ምን ይሆን?» ለሚለው። እሱ ሲያርፍ ዓይንና ጆሮ ነጻ ይወጣሉ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ብዙ ብለውበታል። ሮበርት ዛዮንክ በ1968 እንዳሳየው አንድን ነገር ደጋግሞ ማየት በራሱ እንድንወደው ያደርገናል። በ2011 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች አጫጭር ልቦለዶችን መጨረሻቸውን አስቀድመው ነግረው ሲያስነብቡ አንባቢው ይባስ እንደወደዳቸው አገኙ፤ በኋላ ሌሎች ሞክረውት ተቃራኒውን አግኝተዋል፣ ስለዚህ ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ይበልጥ የሚያሳምነኝ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኤድ ኦብራየን በ2019 ያወጣው ጥናት ነው። ሰዎች አንድን ነገር ቢደግሙት ምን ያህል እንደሚደሰቱ ሲጠየቁ አሳንሰው ይገምታሉ፤ ሲደግሙት ግን ከገመቱት በላይ ይደሰታሉ። ምክንያቱም በመጀመሪያው ዙር ያመለጣቸው ነገር ካሰቡት በላይ ብዙ ነው።

ልጆች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል። በ1996 የጀመረው «ብሉስ ክሉስ» የተባለ የሕፃናት ፕሮግራም አንዱን ክፍል ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት ቀን ያሳይ ነበር። ተመራማሪዎች ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ሲከታተሉ፣ በተደጋገመ ቁጥር ልጆቹ ይበልጥ ሲገባቸው፣ ይበልጥ ጮክ ብለው መልሱን ሲናገሩ አዩ። ስለዚህ ልጅ «እንደገና!» ሲል ዝም ብሎ ሲነዘንዝ እንዳይመስላችሁ፤ እየሠራ ነው። በ2023 በአሜሪካ በስትሪሚንግ በብዛት የታየው ፊልም በዚያ ዓመት የወጣ አልነበረም፤ የ2016ቱ «ሞአና» ነው፣ ከ11 ቢሊዮን ደቂቃ በላይ ታይቶ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ ያላነሰ ከዳር እስከ ዳር ታየ እንደ ማለት ነው። ማን እንደከፈተው ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

አዋቂ ሲደግም ሌላ ነገር ይጨመራል። «ሆም አሎንን» ልጅ ሆኖ ያየ ሰው ወጥመዶቹንና የሌቦቹን መከራ ነው የሚያስታውሰው። ያው ሰው ወላጅ ሆኖ ሲያየው ዓይኑ እናትየዋ ላይ ይቀራል፤ ወደ ፓሪስ እየበረረች ሳለ ልጇ ትዝ ብሏት፣ አውሮፕላን አጥታ፣ ከማታውቃቸው ሙዚቀኞች ጋር በመኪና ተጭና ሌሊቱን ሙሉ ወደ ቤቷ ስትጓዝ። ትዕይንቱ ሁሌም እዚያው ነበር። ክሪስቴል ራስል እና ሲድኒ ሌቪ በ2012 ባሳተሙት ጥናት መጽሐፍ ደግመው የሚያነቡ፣ ፊልም ደግመው የሚያዩ ሰዎችን አነጋግረው ያገኙትም ይህንኑ ነው። ሰው የሚመለሰው ለትዝታ ብቻ አይደለም፤ ያኔ ማን እንደነበረና አሁን ማን እንደሆነም ይለካበታል።

ለሁለተኛ ዙር ታስበው የተሠሩም አሉ። የኤም ናይት ሺያማላን «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» (1999) ዋናው ምሳሌ ነው፤ ያላያችሁት ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ባልየው የጋብቻ በዓላቸው ዕለት ምግብ ቤት አርፍዶ ይደርሳል። ሚስቱ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ስለ ሥራው ያወራል። ቀና ብላ አታየውም። ሂሳቡ ሲመጣ እጁን ሲዘረጋ ቀድማው ታነሳዋለች፣ መልካም በዓል ብላ ብቻዋን ትሄዳለች። መጀመሪያ ስናይ አኩርፋ ነው እንላለን። መጨረሻውን አውቀን ስናይ ከሙሉ ትዕይንቱ አንዲት ቃል ሳትቀየር ትርጉሙ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ይህን ለማየት ሲባል ብቻ እንኳ መድገም ያስፈልጋል።

የሮበርት ዜሜኪስ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» (1985) ደግሞ ነገሩን በትንሽ ቦታ ይደብቀዋል። ዶክተሩ የጊዜ መኪናውን የሚሞክርበት የገበያ ማዕከል ስሙ «መንታ ጥዶች» ነው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ማርቲ በጊዜ መኪናው ወደ 1955 ሄዶ በመኪናው ከሁለቱ ጥዶች አንዱን ይደመስሳል። ሲመለስ ሰሌዳው «ብቸኛው ጥድ» ይላል። ማንም ስለዚህ ምንም አይናገርም፤ ካሜራው ያልፋል።

ደግሞ ማየትን የማይፈልጉም አሉ። ታዋቂዋ አሜሪካዊት የፊልም ሃያሲ ፖሊን ኬል አንድን ፊልም አንዴ ብቻ እንደምታይ ትናገር ነበር። የመጀመሪያው ስሜት እውነተኛው ነው ከሚል እምነት ነው፣ አከብረዋለሁ። ለሃያሲ ይሆን ይሆናል። እኔ ግን አንድን ፊልም እወደዋለሁ ለማለት ሁለተኛውን ዙር እጠብቃለሁ።

ደጋግሞ የሚያይ ሰው ምን ያህል እንደሚያውቅ ጆርጅ ሉካስ በ1997 አይቶታል። «ስታር ዋርስን» በአዲስ ቴክኖሎጂ አድሶ ሲያወጣ አንዳንድ ትዕይንት ነካካ። በመጀመሪያው ቅጂ ከፊልሙ ጀግኖች አንዱ የሆነው ሃን ሶሎ መሸታ ቤት ውስጥ ሊገድለው የመጣውን ግሪዶን ቀድሞ ይተኩሳል፤ በአዲሱ ግሪዶ ቀድሞ ይተኩስና ይስተዋል። የሰከንዶች ለውጥ ናት። አድናቂዎች ግን ወዲያው ያዟት። ቀድሞ መተኮሱ የሃንን ጸባይ የሚነግረን ነበር፣ ለምን ተነካ ብለው ተቃወሙ። «ሃን ነው ቀድሞ የተኮሰው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ታተመ፤ ዛሬም የድሮውን፣ ያልተነካውን ቅጂ ካሉ የድሮ የፊልም ጥቅልሎች እየለቀሙ የሚያድሱ አሉ።