የፓይክስ ፒክ የዳገት መኪና ውድድር

ፓይክስ ፒክ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ በስተምዕራብ የሚገኝ፣ አናቱ ከባሕር ወለል በላይ 4,302 ሜትር የሚደርስ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 የተጀመረው የዚህ ተራራ የመኪና ውድድር በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ ተቋርጦ የነበረ ቢሆንም እስከ ዛሬ ዘልቋል (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ተነሥቶ የሚፎካከረው ከሰዓት ጋር ነው። መነሻው ራሱ 2,862 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ መኪኖቹ ከዚያ ተነሥተው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውንና 156 ጥምዞች ያሉትን መንገድ ሽቅብ ይወጣሉ። በውድድሩ ዕለት የሚሰጠው ዕድል አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንዲት ጥምዝ ላይ የተሠራ ስሕተት የዓመት ዝግጅትን ገደል ሊከት ይችላል።

መኪናን በዳገት መፈተን ግን ከፓይክስ ፒክ በፊትም ነበር። በፈረንሳይ ከኒስ ወደ ላ ቱርቢ የሚወስደው ዳገት በ1897፣ በአሜሪካ የኒው ሃምፕሸሩ ማውንት ዋሽንግተን በ1904፣ በእንግሊዝ ደግሞ እስካሁን ውድድር የሚካሄድበት ሼልስሊ ዋልሽ በ1905 ውድድር አስተናግደዋል። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሞተር ደካማ ስለነበር፣ ለገዢ ከሜዳ ፍጥነት ይልቅ ዳገት መውጣት መቻላቸው የበለጠ ማስረጃ ነበር።

ፓይክስ ፒክን ለውድድር ያበቃው በማዕድን ሥራ የበለጸገው ስፔንሰር ፔንሮዝ ነው። የጋሪ መንገዱን አስፍቶ ለመኪና እንዲመች ካደረገ በኋላ፣ አዲሱን መንገድ ለአገር ጎብኚዎች ለማስተዋወቅ ውድድሩን አዘጋጀ። ዓላማው ንግድ እንደነበር መደበቅ አያስፈልግም። የመጀመሪያው አሸናፊ ሪ ሌንትዝ አናቱ ላይ የደረሰው በ20 ደቂቃ ከ55.6 ሰከንድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተራራው የአንድ ቤተሰብ ርስት መሰለ። ሉዊስ አንሰር ከ1934 ጀምሮ 9 ጊዜ አሸነፈ፤ የወንድሙ ልጅ ቦቢ አንሰር 10 ጊዜ አንደኛ ወጣ፤ የቦቢ ወንድም አል አንሰርም በ1964ና በ1965 ድል አደረገ። መንገዱ በሙሉ ኮረኮንች ስለነበር የሚያሸንፈው የኋላ ጎማውን እያንሸራተተ ጥምዙን መዞር የሚችል፣ ዝናብና ፀሐይ ጠጠሩን እንዴት እንደሚለዋውጡት የሚያውቅ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለው ዕውቀት ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ በቀላሉ ይተላለፋል።

ዛሬ ብዙ ሰው የማያስታውሰው፣ ይህ ዳገት በክብ መም ላይ 500 ማይል ከሚሮጥበት ታዋቂ የአሜሪካ የመኪና ውድድር ከኢንዲያናፖሊስ 500 ጋር በአንድ የነጥብ ሰንጠረዥ ይቆጠር እንደነበር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር፣ በ1955 ከውድድር ሥራ እስኪወጣ ድረስ፣ የፓይክስ ፒክን ውጤት በብሔራዊ ሻምፒዮናው ውስጥ ያካትት ነበር፤ በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽም እሱን የተካው የውድድር አስተዳዳሪ ድርጅት ዩሳክ ይህንኑ አደረገ። በ1968 ቦቢ አንሰር ፓይክስ ፒክንም ኢንዲያናፖሊስንም አሸንፎ፣ ማሪዮ አንድሬቲን በ11 ነጥብ ብቻ በመብለጥ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት አንድሬቲ በተራው ሁለቱንም ውድድሮች አሸንፎ ሻምፒዮናውን ወሰደ። በክብ መም ላይ የሚሮጥን መኪና ገደል አፋፍ ላይ ካለ ኮረኮንች ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ እንግዳ ቢመስልም፣ በእኔ ግምት የዚያን ዘመን ሻምፒዮን ሁለገብ ያደረገው ይኸው ነበር። ሻምፒዮናው ጠቅልሎ ወደ አስፋልት መም ሲገባ ተራራው ከሰንጠረዡ ወጣ።

በተራና በኮረኮንች መንገዶች ላይ ለሚደረግ ውድድር (ራሊ) የተሠሩ የአውሮፓ መኪኖች መምጣት ተራራውን እንደገና ዓለም አቀፍ መድረክ አደረገው። ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን በ1985 በአውዲ ኳትሮ በ11 ደቂቃ ከ25.39 ሰከንድ ክብረ ወሰን ሰብራ በአጠቃላይ ውጤት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዓመቱ የ52 ዓመቱ ቦቢ አንሰር በተመሳሳይ አውዲ ክብረ ወሰኑን ሰበረ። በ1988 ፊንላንዳዊው አሪ ቫታነን በፔጆ 405 ወደ 10 ደቂቃ ከ47.22 ሰከንድ አወረደው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን መኪና ሳይሆን መንገድ ነው። ከኮረኮንቹ እየታጠበ የሚወርደው ጠጠርና ደለል አካባቢውን ጎድቷል ብለው የተፈጥሮ ጥበቃ ወገኖች ከከሰሱ በኋላ፣ ከ2002 ጀምሮ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተነጠፈ አስፋልቱ በ2011 ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ጃፓናዊው ኖቡሂሮ ታጂማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ10 ደቂቃ በታች ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴባስቲያን ሎብ 875 ኪሎ ግራም በምትመዝንና 875 የፈረስ ጉልበት ባላት ፔጆ 208 በ8 ደቂቃ ከ13.878 ሰከንድ ጨረሰ። ፍጥነቱ ጨምሯል፤ አቧራው፣ መንሸራተቱና የአካባቢው ልጆች ብልጫ ግን አብረው ጠፍተዋል።

የቀረው ዋና ባላጋራ አየር ነው። በአናቱ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር ከፍ ባለ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል፤ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ (ተርቦ) ቢታከልለትም ችግሩ ጨርሶ አይጠፋም። ስስ አየር መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነውን ኃይልም ስለሚቀንስ፣ እዚህ የሚገጠሙት ክንፎች በሌሎች መሞች ከሚታዩት ይገዝፋሉ። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን ኦክስጅን አይፈልግም። በ2015 ሪስ ሚለን በኤሌክትሪክ መኪና በአጠቃላይ ውጤት አንደኛ ወጣ፤ በ2018 ደግሞ ሮማን ዱማ በቮልስዋገን አይ.ዲ.አር. በ7 ደቂቃ ከ57.148 ሰከንድ አናቱ ላይ ደርሶ ከ8 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው አሽከርካሪ ሆነ።

የሞተር ብስክሌት ውድድሩ፣ በ2019 ካርሊን ደን ከመድረሻው መስመር አጠገብ ወድቆ ከሞተ በኋላ ቆሟል። ለመኪኖቹም ቢሆን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የአየሩ ጠባይ ነው፤ በ2021 የተራራው አናት በረዶ ስለያዘ መድረሻው ወደ ታች እንዲወርድ ተደርጓል።