የዝናብ ዕድል በመቶኛ ምንድን ነው? በሐሩር ክልል ከዋና መንገድ ወጥቶ ለሚጓዝ ሰውስ ምን ይነግረዋል?

በስልክ መተግበሪያም ሆነ በድረ ገጽ ላይ የሚታየው የዝናብ ትንበያ ብዙውን ጊዜ በአንድ የደመና ምስልና በአንድ ቁጥር ያልቃል፦ «ዝናብ 40 በመቶ»። አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ ቁጥር ዣንጥላ የመያዝና ያለመያዝ ጉዳይ ነው። ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም እስከ 23.4 ዲግሪ ኬክሮስ በሚዘረጋው የሐሩር ክልል ውስጥ ጥርጊያ መንገድ ይዞ፣ ድልድይ የሌለውን ወንዝ አቋርጦ ለሚጓዝ ሰው ግን ያው ቁጥር ጉዞ መጀመርን፣ ማዘግየትን ወይም መሰረዝን ሊወስን ይችላል። ችግሩ ቁጥሩ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ፣ ተጓዡ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ መሆኑ ነው።

የዝናብ ዕድል ማለት በአንድ ቦታ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ ሊለካ የሚችል ዝናብ የመዝነቡ ዕድል ነው። «ሊለካ የሚችል» የሚባለው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ በአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት አሠራር ከ0.25 ሚሊሜትር ገደማ ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ አቧራውን እንኳ በወጉ የማያረጥብ ካፊያ ነው። ስለዚህ 40 በመቶ ሲባል ከአሥር ሰዓት አራቱን ይዘንባል ማለት አይደለም፤ ከአካባቢው 40 በመቶው ይረጥባል ማለትም አይደለም፤ ዝናቡ መጠነኛ ይሆናል ማለትማ ጭራሽ አይደለም። ትርጉሙ፣ ትንበያው በአግባቡ የተቃኘ ከሆነ፣ «40 በመቶ» ከተባለላቸው 100 ቀናት ውስጥ በ40ዎቹ ገደማ በዚያ ቦታ ዝናብ ይወርዳል የሚል ነው። ይህን አሳስቶ መረዳት የተለመደ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት በአምስተርዳም፣ በአቴንስ፣ በበርሊን፣ በሚላንና በኒው ዮርክ የሚኖሩ ሰዎች «ነገ 30 በመቶ የዝናብ ዕድል አለ» የሚለውን እንዴት እንደሚረዱት ተጠይቀው፣ አብዛኛው መላሽ ትክክለኛውን ትርጉም የመረጠው በኒው ዮርክ ብቻ ነበር።

መቶኛው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ከትርጉሙ ባልተናነሰ ይጠቅማል። የትንበያ ማዕከላት የከባቢ አየርን ስሌት አንድ ጊዜ ብቻ ሠርተው አይተዉትም፤ መነሻውን በጥቂት በጥቂቱ እየለዋወጡ ደጋግመው ያሰሉታል። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከል ለምሳሌ በአንድ ዙር 51 ስሌቶችን ያወጣል። ከእነዚህ ውስጥ 30ዎቹ ምንም ዝናብ ባያሳዩ፣ 15ቱ እያንዳንዳቸው 3 ሚሊሜትር፣ የቀሩት ስድስቱ ደግሞ 45 ሚሊሜትር ቢያሳዩ፣ በእነዚህ ስሌቶች ላይ የተመሠረተ መተግበሪያ «41 በመቶ፣ 6 ሚሊሜትር» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ነገር ግን 6 ሚሊሜትር ያለ አንድም ስሌት የለም፤ ቁጥሩ የተወለደው ከአማካይ ነው። ለተጓዡ ቁም ነገሩ ያለው በእነዚያ ስድስት ስሌቶች ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም 3 ሚሊሜትር አቧራ ያጠፋለታል፣ 45 ሚሊሜትር ግን መሻገሪያውን ይዘጋበታል። የሚቻል ከሆነ አማካዩን ብቻ ከሚጽፍ ገጽ ይልቅ የስሌቶቹን ስርጭት በግራፍ የሚያሳየውን መምረጥ ይሻላል። ይህ ካልተገኘም፣ ዊንዲን በመሰሉ ድረ ገጾች ላይ የተለያዩ ሞዴሎችን፣ ማለትም የከባቢ አየርን ስሌት የሚሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን፣ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ሞዴሎቹ የማይስማሙ ከሆነ አለመስማማታቸው ራሱ መረጃ ነው።

ሁለተኛው ስውር ጉዳይ የቦታ ስፋት ነው። ጂኤፍኤስ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ሞዴል በቀን አራት ጊዜ የሚሠራ፣ እስከ 16 ቀን ድረስ የሚተነብይና ውጤቱም ለሁሉም በነጻ የሚለቀቅ በመሆኑ ብዙ መተግበሪያዎች ይጠቀሙበታል። በስፋት የሚሠራጨው መረጃው በሩብ ዲግሪ ካሬ የተከፋፈለ ነው፤ ይህም በምድር ወገብ አካባቢ ጎኑ 28 ኪሎሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ደግሞ ወደ 780 ካሬ ኪሎሜትር የሚጠጋ መሬት ማለት ነው። በዚህ ካሬ ውስጥ 60 ካሬ ኪሎሜትር በሚሸፍን አንድ ሸለቆ ላይ 50 ሚሊሜትር ዶፍ ቢወርድና ሌላው ሁሉ ደረቅ ሆኖ ቢቀር፣ የካሬው አማካይ 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሞዴሉ ምንም ሳይሳሳት፣ ሸለቆው ውስጥ ያለው ሰው ግን በደራሽ ጎርፍ ሊከበብ ይችላል ማለት ነው። በካርታው ላይ ጣትን በትክክል የካምፑ ቦታ ላይ አሳርፎ የሚገኘው ቁጥር ለዚያች ነጥብ የተሰላ ቢመስልም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰፊው ካሬ የተቀዳ ወይም ከአጎራባች ካሬዎች የተገመተ ነው። ተራሮችም በሞዴሉ ውስጥ ተደልድለው ዝቅ ስለሚሉ፣ ነፋሱን የሚገጥመው የተራራ ጎን ከሚያገኘው ዝናብ ከፊሉ ከስሌቱ ይጎድላል።

በመካከለኛ ኬክሮሶች ዝናብን ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎሜትሮችን የሚሸፍኑ፣ ከቀናት በፊት መምጣታቸው የሚታይ፣ የቀዝቃዛና የሞቃት አየር መጋጠሚያዎች ናቸው። በሐሩር ክልል ግን ከቦታ ቦታ ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው፤ የምድር መሽከርከር በአየሩ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖም ወደ ምድር ወገብ በተጠጉ መጠን ይደክማል። ዝናቡ በአብዛኛው የሚመጣው መሬቱ ሲግል እርጥብ አየር ሽቅብ ተወርውሮ ከሚፈጥራቸው የነጎድጓድ ደመናዎች ነው። የእነዚህ ደመናዎች አንድ ነጠላ ክፍል ጥቂት ኪሎሜትሮች ብቻ የሚሰፋና አንድ ሰዓት ገደማ የሚቆይ ስለሆነ፣ ዓለም አቀፍ ሞዴሎች በቀጥታ ሊያዩት አይችሉም፤ በግምታዊ ቀመር ይተኩታል። ይህ ቀመር ሁለት የታወቁ ጉድለቶች አሉት፦ ካፊያን ያበዛል፤ የከሰዓት በኋላውንና የምሽቱን ዝናብ ደግሞ ወደ እኩለ ቀን አስጠግቶ ቀድሞ ይጀምረዋል። በመሆኑም መተግበሪያው «ስድስት ሰዓት ላይ ዘንቦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያባራል» ቢል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንዝ ለመሻገር ማቀድ የቀመሩን ጉድለት አምኖ መንዳት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ዘጠኝ ዓለም አቀፍ የትንበያ ሥርዓቶችን በሰሜናዊው የሐሩር አፍሪካ ላይ ፈትሾ፣ ያልታረሙት የዝናብ ትንበያዎች ከዓመታት የዝናብ መዝገብ ብቻ ከሚገኘው ግምት የማይሻሉ ሆነው አግኝቷቸዋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ከዚያ ወዲህ መጥተዋል፤ የአውሮፓው ማዕከልም የራሱን እ.ኤ.አ. በ2025 መደበኛ አገልግሎት ላይ አውሏል፤ ነገር ግን እሱም የሚሠራው በዚያው በሩብ ዲግሪ ስፋት ስለሆነ አንድን ሸለቆ ከጎረቤቱ ይለያል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ይህ ሁሉ ሲባል ትንበያው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የሚጠቅመው ግን ቀንና ሰዓት ለመቁረጥ ሳይሆን የሳምንቱን ጠባይ ለማወቅ ነው። የሐሩር ክልል ዝናብ ፀሐይን ተከትሎ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚዘዋወረውን የነፋሳት መገናኛ ቀበቶ ይከተላል፤ ለዚህ ነው ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ ቦታዎች አንድ፣ በቅርቡ ባሉት ደግሞ በብዛት ሁለት የዝናብ ወቅቶች የሚኖሩት። በዚህ ላይ ሮላንድ ማደንና ፖል ጁሊያን እ.ኤ.አ. በ1971 ያመለከቱት፣ ከ30 እስከ 60 ቀን ገደማ እየተመላለሰ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ግዙፍ የዝናብና የድርቀት ሞገድ አለ፤ ሞዴሎች ይህን ከአንድ ነጠላ ነጎድጓድ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ይከታተሉታል። ስለዚህ መቶኛውን ለብቻው ከማየት ይልቅ ለዚያ ቦታና ለዚያ ወር ከተለመደው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ከአሥር ቀን ሰባቱ በሚዘንብበት ወር «60 በመቶ» ማለት ከተለመደው ትንሽ የደረቀ ቀን ነው፤ በደረቅ ወር መካከል የሚታይ «30 በመቶ» ግን አንድ ያልተለመደ ነገር እየመጣ መሆኑን የሚጠቁም ስለሆነ ከ60ው ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል። አሥረኛው ቀን ላይ የሚታየው የፀሐይ ወይም የደመና ምስል ደግሞ ቦታ ለመሙላት የተቀመጠ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ተጓዡ አንድ ነጥብ ላይ ተቀምጦ አይውልም። ሦስት ሸለቆዎችን የሚያቋርጥ መንገድ ላይ በእያንዳንዱ ሸለቆ የዝናብ ዕድሉ 30 በመቶ ቢሆን፣ ሸለቆዎቹም አንዱ ከሌላው ጋር ግንኙነት ባይኖራቸው፣ ቢያንስ በአንዱ የመዝነቡ ዕድል 66 በመቶ ይደርሳል። እውነተኛ ሸለቆዎች የአንድ ቀን አየር ስለሚጋሩ ቁጥሩ በ30 እና በ66 መካከል ይወድቃል፤ ያም ሆኖ መነሻውና መድረሻው ብቻ ታይቶ ከሚገኘው ይበልጣል።

ዝናቡ ከወረደ በኋላ ጥያቄው ከአየር ወደ መሬት ይሸጋገራል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ 50 ካሬ ኪሎሜትር በሚሰፋ ተፋሰስ ላይ 20 ሚሊሜትር ሲዘንብ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ወርዷል ማለት ነው። ከዚህ ከፊሉ ይሰርጋል፤ መሬቱ ቀድሞ ከጠገበ ወይም ድንጋያማ ከሆነ ግን አብዛኛው ወደ መሻገሪያው ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከሰዓታት በኋላ፣ መሻገሪያው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይደርሳል። ስለዚህ በካርታው ላይ መታየት ያለበት መንገዱ ብቻ ሳይሆን ከመንገዱ በላይ ያለው የወንዙ ተፋሰስ በሙሉ ነው። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ማስጠንቀቂያ እንደሚለው 30 ሴንቲሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ወራጅ ውሃ ትናንሽ መኪኖችን፣ 60 ሴንቲሜትር ደግሞ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ጠርጎ ለመውሰድ ይበቃል፤ ፎር ዊል ድራይቭ መኪናም ከዚህ አያመልጥም።

የአፈሩ ዓይነት ደግሞ ሚሊሜትሩን ወደ መንገድ ሁኔታ ይተረጉመዋል። ጥቁሩ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ የበዛበት አፈር ነው፤ ሲረጥብ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ጥርሱን ይሞላውና ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ ከባድ ዝናብ ካገኘም በቀናት እንጂ በሰዓታት አይደርቅም። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ላዩ እንደ ሳሙና ቢያሟልጭም ፀሐይና ነፋስ ካገኘ ቶሎ ይጠነክራል፤ በዛፍ ጥላ የተሸፈነው ክፍሉ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። አሸዋ በተቃራኒው መጠነኛ እርጥበት ይወዳል፤ ከደረቅነቱ ይልቅ ሲረጥብ ይሸከማል። ከሁሉ አታላዩ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ የሆነው የደረቀ ሐይቅ ወለል ነው፤ ከዝናቡ በኋላ ለብዙ ቀናት መኪና ይውጣል።

ከዚህ የሚከተለው፣ በእኔ አመለካከት ለዚህ ዓይነት ጉዞ ከሚመጣው ዝናብ ይልቅ ያለፈውን ዝናብ ማወቅ ይበልጣል የሚል ነው፤ ያለፈው ቢያንስ በከፊል ተለክቷልና። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ከጃፓን የጠፈር ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባመጠቀው ሳተላይትና በሌሎች ሳተላይቶች ላይ ተመሥርቶ የሚያዘጋጀው አይሜርግ የተባለው መረጃ፣ በየግማሽ ሰዓቱ የወረደውን ዝናብ በአንድ አሥረኛ (0.1) ዲግሪ ካሬ ይገምታል፤ የመጀመሪያው እትሙም ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ በነጻ ይገኛል። በተራራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ አሳንሶ የማየት ጠባይ ቢኖረውም፣ ያለፉት ሰባት ወይም አሥር ቀናት ድምር ከነገ መቶኛ ይልቅ ስለ ዋልካው ብዙ ይናገራል። እዚህ ላይ «ራዳር» ተብሎ የሚቀርበውን ምስል መጠራጠር ይገባል፤ በሐሩር ክልል ሰፊ ቦታዎች የመሬት ራዳር ስለሌለ፣ አንዳንድ መተግበሪያዎች በዚህ ስም የሚያሳዩት የሳተላይት ግምት ወይም የሞዴል ውጤት ነው። የሰዓት አቆጣጠሩንም ማረጋገጥ ያሻል፤ ብዙ ካርታዎች የሚጻፉት በአካባቢው ሰዓት ሳይሆን ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሰዓት መለኪያ ነው።

በጉዞው ቀን የሚበጀው የሳተላይት የደመና ምስል ነው። ከምድር ጋር እኩል እየዞሩ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ የሚቆዩት ሳተላይቶች በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ስለሚያነሱት፣ እኩለ ቀን ላይ በተፋሰሱ ራስ ላይ ነጭ ጉብታዎች በፍጥነት እየሰፉ ከታዩ የከሰዓቱ መሻገሪያ አጠራጣሪ ሆኗል ማለት ነው። ኔትወርክ ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻውን ምስል ማስቀመጥና መመለስ የሚቻልበትን የመጨረሻ ቦታ አስቀድሞ በካርታው ላይ መወሰን ይገባል። የመመለሻው መንገድም ራሱን የቻለ ትንበያ ይፈልጋል፤ ተጓዡ ካለፈ በኋላ የሚዘንበው ዝናብ ከኋላው ያለውን ዋልካ ሊዘጋበት ስለሚችል፣ የሚያዘው ነዳጅ፣ ውሃና ስንቅ መንገዱ ላይ ያለው እጅግ አስቸጋሪ አፈር ለመድረቅ በሚወስደው ጊዜ ይለካል።