ከጣሪያችን በላይ ያሉት አዳኝ ወፎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳኝ ወፎችን ለማየት ተራራ መውጣት አያስፈልግም። ሰፈራችን ውስጥ አሉ። ጣሪያ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ የመብራት ምሰሶ ላይ ሆነው መንገዱን ይቃኛሉ፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ከፎቆቹ በላይ ይዞራሉ። ግን ስለ እነሱ የምንሰማው ከምናየው ይበልጣል። ከምንሰማው ውስጥ አንዳንዱ ያስፈራናል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወፎቹን ያስገድላቸዋል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጫካቸውን ትተው ሰፈር የመጡት መንገድ ጠፍቷቸው ነው»

አልጠፋቸውም። አዳኝ ወፍ ዋና ዋና የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የሚበላው እና ጎጆ የሚሠራበት ከፍ ያለ ቦታ። ሰፈር ውስጥ ሁለቱም ሞልቷል። አይጥ አለ፣ እርግብ አለ፣ የቆሻሻ ገንዳ አለ፣ ያረጁ ትልልቅ ዛፎች አሉ። ፔሬግሪን የሚባለው ጭልፊት በተፈጥሮው ገደል ላይ ነው እንቁላል የሚጥለው። ረጅም ፎቅም እንደ ገደል ያገለግለዋል። ኒው ዮርክ ውስጥ በድልድዮችና በፎቆች ላይ ይራባል። ከላይ ወደታች ሲወረወር ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ እርግብ በአየር ላይ ከእሱ ማምለጥ ይከብዳታል።

እዚያው ኒው ዮርክ ውስጥ ፔል ሜል የተባለ አንድ ቀይ ጅራት ጭልፊት ነበር። ጎጆው በአምስተኛው ጎዳና፣ ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ላይ ነበር። በታኅሣሥ 2004 (እ.ኤ.አ.) ጎጆው ሲነሳ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ተቃወመ፤ በዚያው ወር ጎጆው የሚያርፍበት ቦታ ተመለሰለት። ሰውና ጭልፊት አብረው መኖር እንደሚችሉ ለሚጠራጠር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

«ሕፃን ልጅ አንስቶ ይሄዳል»

ወላጆችን የሚያስጨንቀው ይሄ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) አንድ ንስር መናፈሻ ውስጥ ሕፃን ሲያነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ቪዲዮው ግን በኮምፒውተር የተሠራ ነው። የሞንትሪያል የአኒሜሽን ተማሪዎች ለትምህርታቸው ያዘጋጁት መሆኑ ወዲያው ተነግሯል። እስከ ዛሬ ግን እንደ እውነት የሚልከው ሰው አለ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የወፍ አጥንት ቀላል ነው፣ ሰውነቱም ሲታይ ከሚመስለው በጣም ያነሰ ክብደት አለው። ወርቃማው ንስር ራሱ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ኪሎ ነው። ሰፈር ውስጥ የምናያቸው ትናንሾቹ ጭልፊቶች ደግሞ 200 ግራም አካባቢ የሚመዝኑ አሉባቸው። አዳኝ ወፍ የራሱን ክብደት የሚያህል ነገር ይዞ ከመሬት መነሳት በጣም ይቸግረዋል። ስለዚህ ሕፃን ልጅ አንስቶ መሄድ አይችልም።

ለጫጩት ግን ያሰጋል፣ ይሄን መደበቅ አይገባም። ዶሮ የሚያረባ ሰው ጫጩቶቹ ላይ መረብ ይዘርጋ። ገና የተወለደ የድመት ግልገልም ሜዳ ላይ ብቻውን ባይተው ጥሩ ነው። ሌላም የሚያጋጥም ነገር አለ፦ ጎጆ ያለው ጭልፊት በሥሩ የሚያልፍን ሰው ጭንቅላት ታክኮ ሊበር ይችላል። ልጆቹን እየጠበቀ ነው። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ለጥቂት ሳምንታት በሌላ መንገድ መሄድ ወይም ጃንጥላ መያዝ ይበቃል።

«አሞራ ከዞረ የሞተ ነገር አለ»

አንዳንዴ ልክ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለም። ፀሐይ መሬቱን፣ አስፋልቱንና ጣሪያውን ስታሞቀው አየሩ ይሞቅና ሽቅብ ይወጣል። ትልልቆቹ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው በዚያ አየር ላይ ይሳፈራሉ። ከሚወጣው አየር ላለመውጣት ይዞራሉ፤ እየዞሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያ ወደሚሄዱበት ይንሸራተታሉ። ክንፍ ሳያራግቡ ሩቅ የሚሄዱት በዚህ ነው። ለማየት የሚመቸውም ሰዓት ከዚህ ይታወቃል፤ በማለዳ ሳይሆን ረፋድ ላይ፣ መሬቱ ሞቅ ሲል ቀና በሉ።

ጥንብ አንሳ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በሽታ የሚያዛምት ቆሻሻ ወፍ አይደለም። የሆዱ አሲድ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ በበሰበሰ ሥጋ ውስጥ ያሉ ብዙ ጀርሞችን ይገድላል። ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ይሄን በከባድ ዋጋ ነው የተማሩት። ለከብት ሕክምና ይሰጥ የነበረው ዲክሎፌናክ የተባለው መድኃኒት፣ የሞቱትን ከብቶች የበሉ ጥንብ አንሳዎችን ኩላሊት እያበላሸ ፈጃቸው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። ጥንቡን የሚያነሳ ሲጠፋ የባለቤት አልባ ውሾች ቁጥር ጨመረ። ህንድ መድኃኒቱን ለእንስሳት እንዳይሰጥ የከለከለችው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው።

«ትልቅ ከሆነ ንስር ነው»

መጠን ያታልላል። ባዶ ሰማይ ላይ የሚያነጻጽሩት ነገር ስለሌለ ትንሹ ትልቅ ይመስላል። ቀለምም ያታልላል፤ የአንዳንዱ ወጣት ከወላጁ ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም። ስለዚህ ቅርፁን ማየት ይሻላል። ጅራቱ መሐል ላይ እንደ ሹካ ገባ ካለ፣ ሲበርም ጅራቱን እያጣመመ አቅጣጫ ከቀየረ፣ ቆሻሻ ገንዳና ገበያ አካባቢ የሚዞረው የጭልፊት ዓይነት ነው። ክንፉ ረጅምና ጫፉ ሹል ከሆነ ከፔሬግሪን ወገን ነው። ክንፉ አጭርና ክብ፣ ጅራቱ ረጅም ከሆነ በዛፎች መሐል እየተጠማዘዘ ትናንሽ ወፍ የሚያድነው ነው። ሰፊ ክንፍ፣ አጭር ጅራት፣ ትንሽ ጭንቅላት ካየን ጥንብ አንሳ ነው። ንስር ከሆነ ግን ጭንቅላቱ ወደፊት ጎልቶ ይታያል።

ጥንድ ሆነው ከታዩ ደግሞ «ትልቁ ወንዱ ነው» አትበሉ። በአብዛኞቹ አዳኝ ወፎች ትልቋ ሴቷ ናት።

የት እንዳሉ ለማወቅ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይረዳል። ትናንሽ ወፎች አንድ ዛፍ ላይ ተሰብስበው ሲንጫጩ፣ ወይም ቁራዎች አንዱን ሲያሳድዱ ከሰማችሁ ሂዱና እዩ። ብዙ ጊዜ መሐላቸው ጭልፊት ወይም ጉጉት አለ።

«ንስር በ40 ዓመቱ ምንቃሩን ሰብሮ ወጣትነቱን ያድሳል»

ይህ ታሪክ በስብከትም በማነቃቂያ ንግግርም በጣም ይወደዳል። ንስር ተራራ ላይ ወጥቶ ምንቃሩን ከድንጋይ ጋር ይሰብራል፣ ላባውን ይነቅላል፣ ከወራት በኋላ ታድሶ እስከ 70 ዓመት ይኖራል ይባላል። ንስር እንዲህ አያደርግም። ምንቃሩና ጥፍሩ እንደ እኛ ጥፍር ሁልጊዜ ያድጋሉ፣ በአጠቃቀም ደግሞ ይሞረዳሉ። ላባውንም የሚቀይረው መብረር እንዳያቅተው ጥቂት በጥቂት እያደረገ ነው። ምንቃር የሌለው ንስር ማደን አይችልም፣ ወራት ሳይቆይ በረሃብ ይሞታል። ዕድሜውም ቢሆን፣ በዱር ከተመዘገቡት ነጭ ራስ ንስሮች ረጅም ዕድሜ የኖረው 38 ዓመት ያህል ነው፤ እሱም በ2015 (እ.ኤ.አ.) በመኪና ተገጭቶ ነው የሞተው። የንስር እውነተኛ ሕይወት በቂ ግሩም ነው፤ ተረት አይጨመርበት።

«ጉጉት ከጮኸ ክፉ ነገር ይመጣል»

ጉጉት የሚጮኸው ለሌሎች ጉጉቶች ነው። ክልሉን ያስታውቃል፣ የትዳር ጓደኛውን ይጠራል። ቀን ቀን አያይም የሚባለውም ስህተት ነው፤ ያያል። ጭንቅላቱን ሙሉ ክብ አያዞርም፣ ግን ወደ 270 ዲግሪ ያዞራል፤ አንገቱ ውስጥ ከእኛ እጥፍ፣ 14 አጥንት አለው። ሌሊት ከኮርኒስ በላይ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ምግብ የሚጠይቁ የጉጉት ጫጩቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አይጥ የሚያስቸግረው ቤት ከሆነ እንግዶቹ መልካም ናቸው።

«መሬት ላይ የተገኘ ጫጩት እናቱ ጥላዋለች፤ የሰው እጅ ከነካውም አትቀበለውም»

ሁለቱም ልክ አይደለም። ላባ አብቅሎ መብረር የሚለማመድ ጫጩት ቀናት መሬት ላይና ቅርንጫፍ ላይ ያሳልፋል፣ ወላጆቹም ይመግቡታል። የሰው ሽታ ስለነካው አይተዉትም። ድመትና ውሻ ማራቅ፣ መንገድ ላይ ከሆነ በፎጣ ይዞ ቅርብ ቁጥቋጦ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ጥፍሩን ተጠንቀቁ።

«የአይጥ መርዝ አይጥ ብቻ ነው የሚገድለው»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። አይጧ ወዲያው አትሞትም፤ ለቀናት እየተዳከመች በግልጽ ትንቀሳቀሳለች። ጉጉትና ጭልፊት ደግሞ ቀድመው የሚይዙት የደከመውን ነው። መርዙም ወደ እነሱ ያልፋል። ከመርዝ በፊት ቀዳዳ መድፈን፣ ቆሻሻ መክደን፣ እህሉን በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጥመድ መጠቀም ይቻላል። የፈዘዘና የማይሸሽ ጉጉት ወይም ጭልፊት ካገኛችሁ ምግብም ውኃም በአፉ አታድርጉለት። ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ፣ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጡትና ፈጥናችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። መርዝ በልቶ ሊሆን እንደሚችልም ንገሩት፤ ለእንዲህ ያለው መርዝ ቫይታሚን ኬ በጊዜ ከተሰጠ የመዳን ዕድል አለ።